በጽዱ ጥላ ሥር የተሰየመ ሽምግልና

ዛፍ ይተከል ሲባል የሚቃወም ሰው እስካሁን አላጋጠመኝም። ይህን ያህል ፀሐይ እያለን ለምን መብራት ስንጠብቅ እንኖራለን ሲባልም ሁላችንም እንስማማለን። ጣጣው የሚመጣው ዛፉና ፀሐይዋ አንድ አጥር ላይ ሲገናኙ ነው።

የካ ተራራ ሥር፣ እኛ ሰፈር፣ ተገናኙ። መብራት በፈረቃ በሚመጣበት በዚያ ዘመን ጋሽ ታዬ ጡረታ እንደወጡ ጣሪያቸው ላይ የፀሐይ ውሃ ማሞቂያ አስተከሉ። ቁርጥማት ስላለባቸው ጠዋት በሙቅ ውሃ ካልታሹ እግራቸው አይዘረጋም። ከበላያቸው ያለው የጎረቤታቸው የእትዬ ዘነቡ ጽድ ግን ረፋዱን ሙሉ ጥላውን ማሞቂያው ላይ ጥሎ ስለሚያረፍድ ውሃው ለብ ከማለት አያልፍም።

«ይቆረጥልኝ» አሉ ጋሽ ታዬ።

«ጽዱ የተቆረጠ ዕለት ጎርፉ ቤቴን ይዞ መገናኛ ይወርዳል» አሉ እትዬ ዘነቡ። እውነታቸውን ነው። ዛፉን የተከሉት ጎርፍ የድሮ አጥራቸውን ጠርጎ ከወሰደው በኋላ ነው፤ ዳገቱን ቀጥ አድርጎ የያዘውም ሥሩ ነው።

ነገሩ ለሽምግልና መጣ። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ፣ እኔን ጨምሮ ሦስት ሽማግሌዎች ተሰየምን። የት? ጽዱ ጥላ ሥር ነዋ። ሽማግሌ ፀሐይ ላይ ተቀምጦ ሲፈርድ አይታችሁ ታውቃላችሁ?

ጠዋት ጥላው በጋሽ ታዬ ግቢ ስለነበር እዚያ ተቀመጥን፤ ሻያቸውንም ጠጣን። እናም ፍርዱ ወደ እሳቸው አጋደለ። ሰብሳቢያችን ጋሽ ላቀው እንዲያውም «ይቆረጥና በምትኩ ችግኝ ይተከል» አሉ።

እትዬ ዘነቡ ነጠላቸውን አስተካከሉ። «ችግኙ እስኪያድግ ጎርፉን ማን ይያዝልኝ? እርስዎ ይቆሙልኛል?»

ጋሽ ላቀው ሻያቸውን አማሰሉ።

ፀሐይ ከፍ ስትል ጥላው ሸሸ፤ እኛም ወንበራችንን ተሸክመን ተከተልነው። መጀመሪያ ግንዱ ሥር፣ ከምሳ በኋላ ደግሞ በአጥሩ በር አልፈን እትዬ ዘነቡ ግቢ ገባን። ዳቦ ቀረበልን። ፍርዱም ቀስ እያለ ወደ እሳቸው ያጋድል ጀመር። ጋሽ ታዬ ተናደው ከመካከላችን ተነሡና ግቢው ጥግ ካለው ማድቤት አጠገብ ሄደው ቆሙ።

«ይሄ ቦታ ደግሞ ሰው ይጠብሳል» አሉ ላባቸውን እየጠረጉ።

«እሱ ጥግ ጠዋትም ማታም እንደዚያው ነው፤ በርበሬ የማሰጣበት ነው» አሉ እትዬ ዘነቡ።

ቀኑን ሙሉ ስንሸሸው የዋልነው ፀሐይ ያለው እዚያ ጥግ ነበር። ከዚያ ሁላችንም ቀና ብለን የማድቤቱን ጣሪያ አየን።

ማሞቂያው እዚያ ወጣ። ቦታው ከፍ ያለ ስለሆነ ውሃው ያለ ሞተር በቧንቧ ወደ ጋሽ ታዬ ቤት ይወርዳል፤ ለጣሪያው ውለታ ለእትዬ ዘነቡም አንድ ቧንቧ ተቀጠለ። የጋሽ ታዬ እግር ተዘረጋ። ክረምት ሲገባ ጎርፉ መጣ፣ ጽዱ ሥር ሲደርስ አቅጣጫውን ቀይሮ በቦዩ ወረደ፤ ቤቱም እንደቆመ ነው።

ታረቁ ብዬ ልጨርስላችሁ ነበር። ሰሞኑን ግን ጋሽ ታዬ «ዘነቡ ማለዳ ተነሥታ ልብስ እያጠበችበት ሙቁን ውሃ ትጨርስብኛለች» ብለው እንደገና ከሰዋል። ለፊታችን እሑድ ተቀጥረናል።

ቦታው የት ነው ብሎ የጠየቀ የለም።