አንድ ጣት ይበቃል

[ኔቪል ሁሉን አውቃለሁ ባይ ሹፌር ነው። ጎኑ የተቀመጠው ራስል የሚስቱ የግሌኒስ ወንድም ሲሆን፣ አንድ ቃል ለማውጣት ጊዜ ይወስድበታል። አሮጌ መኪናቸው በአውስትራሊያ፣ በምዕራብ ክዊንስላንድ ቀይ ኮረኮንች ላይ ትበራለች። ግሌኒስ ልጆቹን ይዛ በሌላ መኪና ቀድማለች። የኋላ ወንበሩ ላይ የብርድ ልብስ ክምር አለ። ከብት የጫነ መኪና ከፊት መጥቶ አሁን አለፋቸው።]

ኔቪል፦ እጅህን አውርድ። ሰው ምን ይለናል?

ራስል፦ ሰላም ማለቴ ነው።

ኔቪል፦ ሰላም የሚለው ሹፌሩ ነው። እሱም እጁን ከመሪው ሳያነሳ፣ ሌባ ጣቱን ብቻ ቀና ያደርጋል። አንድ ጣት ይበቃል።

ራስል፦ እኔስ?

ኔቪል፦ አንተ ተሳፋሪ ነህ። ትቀመጣለህ።

ራስል፦ ሰውየው ግን እኔን ነው ያየኝ።

ኔቪል፦ አየህ እንጂ ሰላም አላለህም። ሰላም ያለው እኔን ነው። አንተ መሀል ገብተህ ሰላምታዬን ወሰድክብኝ።

ራስል፦ ይቅርታ። የሚቀጥለው ሙሉውን ያንተ ይሁን።

[ብዙ ይጓዛሉ። የሚቀጥለው የሚባል የለም።]

ራስል፦ ኔቪል፣ ስለ እናቴ አንድ ነገር...

ኔቪል፦ ስለ እናትህ ሐሳብ አይግባህ። ዛሬ እኔ እጅ ላይ ናቸው። እህትህ ጠዋት ምን እንዳለችኝ ሰምተሃል አይደል? «እማዬ ከኔ ጋር ትሂድ፣ ያንተን ወሬ አትችለውም።» ያኔ ጨው ሐይቁ ውስጥ ከተቀረቀርን ወዲህ እናትህ እኔ መኪና ውስጥ እግራቸውን አስገብተው አያውቁም ነበር፤ ዛሬ ግን ይኸው ኋላ ተኝተዋል።

ራስል፦ አቋራጭ ነው ብለህ ገብተህ ነዋ።

ኔቪል፦ አቋራጭማ ነበር። ሐይቁ ነው ያበላሸው። ዋናው ነገር፣ ዛሬ ለእህታቸው የልደት ምሳ በሰዓቱ ካደረስኳቸው፣ ግሌኒስ ፊት ቀና ብዬ እሄዳለሁ። ካላደረስኳቸው ግን አለቀልኝ። ቀሪ ዕድሜዬን ሶፋ ላይ ነው የማድረው።

ራስል፦ እኮ እሱን ልነግርህ...

ኔቪል፦ ቆይ፣ ቆይ፣ ይሄን ስማ።

[ከብርድ ልብሱ ስር ማንኮራፋት ይሰማል።]

ኔቪል፦ ሰማህ? እንዲህ ያለ እንቅልፍ የሚወስድህ የሚያውቅ ሰው ሲነዳህ ነው። ኮረኮንች ላይ ቀስ ካልክ ትንገጫገጫለህ፣ ፈጠን ካልክ ግን ጎማው የጉብታውን አናት አናት እየነካ ይንሳፈፋል። ገባህ? አናት አናቱን።

ራስል፦ አሁን ያለፍነው ምልክት...

ኔቪል፦ ምልክቱን ተወው፣ ጎማውን ነው የምልህ። ይኸው እሳቸው ተኝተዋል።

ራስል፦ እሷ እንኳን የትም ትተኛለች።

ኔቪል፦ ስለ እናት እንዲህ አይባልም።

ራስል፦ ስለ እናቴ መቼ...

ኔቪል፦ መኪና መጣ። እጅህን ጭንህ ስር ክተት።

[ነጭ መኪና በአቧራ ተሸፍና ከፊት ትመጣለች። መብራቷን ታበራለች፣ ታጠፋለች፤ ጥሩምባዋ ይጮኻል። የምትነዳው ሴት እጇን እስከ ትከሻዋ በመስኮት አውጥታ ታውለበልባለች። ኔቪል አንድ ጣቱን ያነሳል። ነጯ መኪና አቧራው ውስጥ ትጠፋለች።]

ኔቪል፦ አየህልኝ? መብራት፣ ጥሩምባ፣ ሙሉ ክንድ። የከተማ ሰው ናት። እነዚህ ሰዎች ከከተማ አንድ ቀን ከወጡ መንገዱ ሁሉ የሠርግ አጀብ ይመስላቸዋል።

ራስል፦ አንተ ምን አልካት?

ኔቪል፦ አንድ ጣት። ትማርበት ብዬ ቀስ አድርጌ ነው ያነሳሁት።

ራስል፦ ጎኗ ያለችውም በባርኔጣዋ ታውለበልብ ነበር።

ኔቪል፦ ተሳፋሪዋ? ይኸው ብጤህን አገኘህ።

ራስል፦ ዞረው እየተከተሉን ነው መሰለኝ።

ኔቪል፦ ሊቀድሙን ነዋ። እስቲ አቧራዬን ይቻሉት።

[ነዳጁን ይረግጣል። መኪናዋ ትንሳፈፋለች።]

ኔቪል፦ ይልቅ እናትህ ሳይርባቸው አይቀርም። ያንን ሥጋ የተሞላ ፓይ ዳቦ ስጣቸው።

ራስል፦ ፓይ? ለሷ?

ኔቪል፦ ማደያው ላይ ለሳቸው ብዬ የገዛሁት ነው። ስጥ እንጂ፣ ምን ያስለምንሃል?

[ራስል ፓዩን ወደ ኋላ ይዘረጋል። አንድ ጊዜ ጓጭ የሚል ድምፅ ይሰማል።]

ኔቪል፦ በሉ?

ራስል፦ በላች። ከነወረቀቱ።

ኔቪል፦ በዚህ ዕድሜ እንዲህ መብላት መታደል ነው። እማማ ሜቪስ፣ ጣፈጠዎት?

[ከኋላ ወንበሩ ዱብ፣ ዱብ፣ ዱብ ይላል።]

ኔቪል፦ በደስታ ወንበሩን እየደበደቡልኝ ነው። ግሌኒስን ካገባሁ ጀምሮ አንድም ነገር ሳይቃወሙኝ የዋሉት ዛሬ ነው።

[ከብርድ ልብሱ ስር ረጅም ምላስ ወጥቶ የኔቪልን ጆሮ ይልሳል። ኔቪል ዓይኑን ከመንገዱ አያነሳም።]

ኔቪል፦ ራስል... እናትህ ሳሙኝ።

ራስል፦ አየሁ።

ኔቪል፦ ጆሮዬን።

ራስል፦ ሁሉንም ሰው እንደዛ ነው የምታደርገው።

ኔቪል፦ አልቻልኩም። እንባዬ መንገዱን ጋረደኝ። ላቁምና ልቀፋቸው።

[ያቆማል። ዞሮ ብርድ ልብሱን ይገልጣል።]

ኔቪል፦ ራስል፣ ይሄ ውሻ ነው።

ራስል፦ የግሌኒስ ውሻ ናት። ጂንጀር።

ኔቪል፦ እናትህስ? የት ጣልኳቸው?

ራስል፦ አልጣልካትም። አንተ ማደያው ላይ ለነዳጅ ቀጂው ስለ ነዳጅ ስታስረዳ እማዬ ወደ ግሌኒስ መኪና ሄደች፣ ጂንጀር ደግሞ በሷ ቦታ ወደኛ መጣች።

ኔቪል፦ ግሌኒስ የት ደርሳለች?

ራስል፦ ቅድም ጣት ያነሳህላት እሷ ናት።

[ኔቪል ግንባሩን መሪው ላይ ያስደግፋል።]

ኔቪል፦ ምን ፈልጋ ነው ታዲያ?

ራስል፦ መገንጠያውን ስላለፍን በሌላ መንገድ ዞራ ልትመልሰን ይሆናል። ጎማው እየተንሳፈፈ እያለ ነው ያለፍነው።

ኔቪል፦ አንተስ አፍ የለህም? ለምን አትነግረኝም?

ራስል፦ እማዬ «ዝም ሲል ንገረው፣ ዝም ማለት ከቻለ እመለስለታለሁ» አለችኝ። እኔም ዝም እስክትል እየጠበቅኩ ነበር። ትንፋሽ ስትስብ ልገባ ሞክሬያለሁ፣ ግን አጭር ነው ትንፋሽህ።

[ኔቪል ዝም ይላል። ነጯ መኪና መጥታ ከኋላ ትቆማለች። ዝምታው ይቀጥላል።]

ራስል፦ እማዬ ወረደች። ዝም ማለትህን በእጄ ምልክት ሰጠኋት። ወደኛ እየመጣች ነው።

ኔቪል፦ [በቀስታ] የእውነት? ወደኔ መኪና?

ራስል፦ የእውነት። እንደዚሁ ቆይ ብቻ።

ኔቪል፦ ምን ብዬ ልቀበላቸው?

ራስል፦ ምንም አትበል።

ኔቪል፦ [ዓይኑን ጨፍኖ ይለማመዳል] መጀመሪያ ይቅርታ እላቸዋለሁ። ከዚያ የመገንጠያውን ነገር አስረዳቸዋለሁ። ምልክቱ ያለ ቦታው ነው የተተከለው። የሚያውቅ ሰው ቢተክለው ኖሮ...

[የኋላው በር ይከፈታል። ኔቪል ስለ ምልክት አተካከል ማስረዳቱን አያቋርጥም። በሩ ይዘጋል።]

ኔቪል፦ ...ያኔ ፀሐዩ ከጀርባ ይሆንልሃል ማለት ነው። ገቡ እንዴ?

ራስል፦ አልገባችም። ጂንጀርን ይዛት ሄደች። «እሷስ ምን በደለች?» ነው ያለችው።