ስኳሽና «እኔን»

እናንተዬ፣ ሰው አክባሪ ሆኖ ያደገ ሰው ለስኳሽ አይሆንም። የምሬን ነው። መሐል ሜዳ ላይ በራሴ አይቼዋለሁ፣ ጉልበቴም ይመሰክራል።

ነገሩ የተጀመረው የግብርና ቢሯችን ግምገማ ላይ ነው። ሠራተኛው ስፖርት አይሠራም ተብሎ ተገመገምን። የከብት ሐኪማችን መስፍን አዲስ አበባ ሠልጥኖ መጥቶ ነበርና ባዶውን የእህል መጋዘን ኖራ ቀብቶ፣ መስመር አስምሮ፣ ስኳሽ ላስተምራችሁ አለ። ኳስን በራኬት ከግድግዳ ጋር ማላተም ነው። ሁለት ሰው በየተራ ይመታል፤ መሬት ላይ ሁለቴ እስክትነጥር ያልደረሰባት ነጥብ ይጥላል። ቀላል ይመስላል አይደል? ተዉኝ እባካችሁ።

መጀመሪያ ነገር የኛ አገር ብርድ። ኳሷ ካልሞቀች አትነጥርም። በሱፍ ባና ጠቅልለን ሩብ ሰዓት እንደ እንቁላል እንታቀፋታለን።

ከዚያ ምቱ መጣ። ቀጥታው ምት የጎን ግድግዳውን ታክኮ መሄድ አለበት፤ የኔ መሐል ለመሐል ይመጣል። ከፍ አድርጎ ኋላ ጥግ ላይ መጣል አለ፤ የኔ ጣሪያው ቆርቆሮ ላይ ይጮኻል። ከጎን ግድግዳ አጋጭቶ ማዞር የሚባልም አለ፣ እሱን ተዉት። አንዷ ብቻ ገባችኝ፦ ቀስ አድርጎ ከፊት ግድግዳው ሥር ጠብ ማድረግ።

ተጋጣሚዬ ደግሞ ማን ቢሆን ጥሩ ነው? አለቃዬ አቶ ሸዋንግዛው! ሚስቴ ደብረ ብርሃን ናት። የዝውውር ማመልከቻዬ ጠረጴዛቸው ላይ ሁለት ዓመት ተኝቷል። አንድ ቀን ባስታውሳቸው፣

«ካሸነፍከኝ እፈርማለሁ» አሉኝ።

የቀለዱ መስሎኝ ነበር። አልቀለዱም።

እንግዲህ ፍረዱኝ። መስፍን መሐል ላይ ቁም፣ ጀርባህን ስጣቸው ይለኛል። አባቴ ለሚሆን ሰው ጀርባ ይሰጣል? በአክብሮት ዞር ስል ኳሷ ግንባሬን ትለኛለች። መንገድ ላይ ከተገናኘን እኔ ይለፉ እላለሁ፣ እሳቸው ኧረ አንተ እለፍ ይላሉ፣ ኳሷ እዚያው ትሞታለች። መስፍን ፀጉሩን ይነጫል።

እንደዚያም ሆኖ ለማሸነፍ አንድ ነጥብ ቀረኝ። ጠብ አደረግኳት። አቶ ሸዋንግዛው ሮጡ፣ አደናቀፋቸው። «እኔን!» ብዬ ወገባቸውን ያዝኩ። መስፍን መንገድ ዘግተሃል፣ ነጥቡ የሳቸው ነው አለ። በዚያው ተሸነፍኩ። በሚቀጥለው ሳምንትም እዚያችው ነጥብ ላይ አደናቀፋቸው። እኔም ያው፣ ያዝኳቸው። አፌ መቼ ይታዘዘኛል!

በማግስቱ የቢሮውን ደረጃ ሁለት ሁለቱን እየዘለሉ ሲወጡ አየኋቸው። በገንኩ። እኔ አራት ዓይነት ምት ስማር ስከርም፣ እሳቸው በአንድ መደናቀፍ ይጫወቱብኛል!

በሦስተኛው ሳምንት ለመጨረሻዋ ነጥብ ጠብ አደረግኳትና እኔው ወደቅኩ። ቀስ ብዬ ልወድቅ ነበር ያሰብኩት፤ ሲሚንቶው ግን አላወቀልኝም። አቶ ሸዋንግዛው «እኔን ልጄን!» ብለው ራኬታቸውን ጥለው ሊያነሱኝ መጡ። ከኋላቸው ኳሷ አንዴ ነጠረች። ደገመች። መስፍን ነጥቡ የኔ መሆኑን ተናገረ።

ቃላቸውን አላጠፉም፣ ፈረሙ።

ደብረ ብርሃን ሚስቴ መናኸሪያ ድረስ መጥታ ሻንጣዬን ተቀበለችኝ። ሳነክስ ስታየኝ «እኔን!» ብላ ሻንጣውን ጥላ ደገፈችኝ። ምን ላድርግ፣ በልቤ አንድ ነጥብ ለራሴ ቆጠርኩ።