ሮቤን ያሳበደችው ዘፋኝ

ኮመንት ላይ ሰደቡኝ ብሎ የሚያለቅስ ዘፋኝ ዛሬ አየሁና ሳቄ መጣ። ወገን፣ የኔን አልበም አድማጮች አላያችሁ!

ጊዜው ደርግ ነው፣ ቦታው ሮቤ ከተማ። ከጓደኛዬ ከግርማ ጋር ባንድ አቋቋምን። ባንድ ስላችሁ ሁለት ነን። እሱ ከቀበሌው ኪነት የተዋሰውን ጊታር ይገዘግዛል፣ እኔ እዘፍናለሁ። የምንጫወተው ሮክ ነው። ሮክ ምን እንደሆነ በደንብ አናውቅም፤ ብቻ ድምፅን አጎርንኖ መጮኽ እንደሆነ ሰምተናል።

ችግሩ አባቴ ነው። ጨርቅ ነጋዴ ነው፣ ዘፈን አይወድም። ስትዘፍን ከሰማሁ ደሎ መና አጎትህ ጋ ወርደህ የቡና ጆንያ ትሸከማለህ ብሎኛል። ቀልድ የሚባል ነገር አያውቅም። ስለዚህ ዘፈናችንን የቀረጽንበት ካሴት ላይ ስሜን አልጻፍንም።

የቀረጽነው አባቴ ጎሮ ገበያ የሄደ ቀን፣ እኛው ጓሮ ነው፣ በግርማ ቴፕ። የባትሪ ድንጋዩ ሊያልቅ ደርሷል። ፀሐይ ላይ አሰጣነው፣ በጥርሳችን ነከስነው፣ ለመንነው። ቴፑ እያዛጋ መዞር ጀመረ። ይዙር እንጂ፣ ምን ቸገረን!

ቴፕ የምታውቁ እስቲ ፍረዱ። በደከመ ድንጋይ የተቀረጸ ነገር በደህና ቴፕ ሲከፈት ምን ይሆናል?

ይበርራል! ድምፁም ይቀጥናል!

ካሴቱን ለአዴ ፋጡማ ሻይ ቤት ወስደን ሰጠን። የሷ ቴፕ መብራት ላይ የተሰካ ነው። ከፈተችው። ያ ጎርናና ድምፄ የት እንደገባ እንጃ፣ አንዲት ቀጭን ልጃገረድ ወጣች። የራሴን ድምፅ አላወቅኩትም እኮ!

ልነሣና ላጠፋው ስል ሰው ሁሉ ጆሮውን አቀና። ከዚያ ትከሻ መነቅነቅ ተጀመረ።

አስተያየቱንማ ተዉት! አዴ ፋጡማ የሠርግ ዘፈን ነው አለች። የደሎ መናው አውቶብስ ሾፌር ቁልቁለት ላይ እንቅልፍ ያባርራል ብሎ አስቀዳው። ከሲናና የመጡ ገበሬዎች ይሄማ የኛው ነው፣ ድሮም ነበር ብለው ተከራከሩ። የቀበሌው ካድሬ ቀስቃሽ ነው ብሎ አጸደቀው። ሮክ ነው ያለ አንድ ሰው የለም! ልጅቷ ቆንጆ ናት በሚለው ግን ሁሉም ተስማሙ። ማን አይቷት እንደሆነ አትጠይቁኝ።

እኔ ጥግ ይዤ ሻዬን እጠጣለሁ። ያናድዳል፣ ደስም ይላል። እውነቱን ከፈለጋችሁ ደስታው ይበልጣል።

አንድ ጠዋት ግን ሽማግሌዎች ቤታችን መጡ።

የላካቸው የጎሮ ከብት ነጋዴ ነው። ልጁ በካሴቷ ዘፋኝ እንቅልፍ አጥቷል። ጎረቤት ደግሞ ከጓሯችን ጊታር ሰምቷል። በቃ፣ ልጅቷ የአባቴ ልጅ ናት ተብሎ ተደመደመ። የሽማግሌዎቹ አለቃ አባ ከድር መረቁ፣ ከብቱን ቆጠሩ፣ ማሩን ጠሩ። እዚያ ስትገባ ዘፈኑን ትታ መንዙማ ታደርጋለች አሉ።

አባቴ ወላሂ ሴት ልጅ የለኝም ቢል ማን ይመነው?

አባ ከድር ከዘራቸውን አነሡ። "ሐጂ፣ አንሰጥም ይበሉን። ግን አይዋሹን።"

የአባቴ ፊት ጠቆረ። ነጋዴ ውሸታም ከተባለ አለቀለት፤ ጎሮ ገበያ ማን ጨርቅ ይገዛዋል? እኔ በሩ ጋ ቆሜያለሁ። ጆንያው ትከሻዬ ላይ ታየኝ። ፈራሁ፣ በጣም ፈራሁ። ግን አባቴ እየተዋረደ ዝም ልበል?

"ልጅቷ እኔ ነኝ" አልኩ።

ማንም አልሳቀም። አባ ከድር አባቴን በሐዘኔታ አዩት፣ አላህ ምን ዓይነት ልጅ ሰጠዎት በሚል ዓይን። ዝፈን ተባልኩ፤ ዘፈንኩ። ይሄማ በሬ ነው አሉ።

ሮጬ ግርማን አመጣሁት፣ ከነቴፑ፣ ከነደካማው ድንጋዩ። ካሴቱን ከተትን። ድንጋዩ አርፎ ስለከረመ መጀመሪያ ልጅቷ ወጣች። ሽማግሌዎቹ እሷ ናት፣ እሷ ናት ተባባሉ። ድንጋዩ ሲደክም ግን ቀስ አለች፣ ወፈረች፣ ጎረነነች፣ በመጨረሻም ሁሉም ፊት እኔን ሆነች።

አባ ከድር እስኪያልቅ አዳመጡ። "ልጅቷ ትሻል ነበር" አሉ፣ ከልባቸው አዝነው።

ቀና ብዬ አባቴን ማየት አቃተኝ። ትከሻው ሲንቀጠቀጥ የሚያለቅስ መሰለኝ። ለካ እየሳቀ ነው! እንደዚያ ሲስቅ አይቼው አላውቅም። ሽማግሌዎቹም አልቻሉም፣ አብረውት በሳቅ ፈረሱ። ምሳ በልተው፣ መርቀውን ሄዱ።

ከዚያ ጠራኝ። ደሎ መናን ሊነግረኝ ነው ብዬ ስጠብቅ እንባውን በጋቢው ጫፍ ጠረገ።

"ሴት ሆነህ ስትዘፍን ከብት ይነዳልኛል፣ ወንድ ሆነህ ስትዘፍን ሽማግሌ ፊቱን ያጨፈግጋል" አለኝ። "በል ዝፈን። ግን እኔ ሱቅ ስሆን።"

እና እናንተ ይሄን ያህል ላይክ አገኘን የምትሉ፣ እስቲ ከመካከላችሁ በመጀመሪያ አልበሙ ሽማግሌ የተላከለት ማን አለ?