የጋሽ ሰለሞን አፍንጫ

ወይን ከመጠጣቱ በፊት የሚሰብክ ሰው አጋጥሟችሁ ያውቃል? እኔን በምኖርበት ሰፈር፣ ካንሳንጋ ውስጥ አጋጥሞኛል። ጎረቤቴ ጋሽ ሰለሞን በኮሮናው ጊዜ መጠጥ ቤቶች ሲዘጉ፣ ቤታቸው ቁጭ ብለው ከዩቲዩብ ወይን ማሽተት ተማሩ።

ከዚያ ወዲህ እሳቸው ቤት ዝም ብሎ መጠጣት ቀረ። መጀመሪያ ብርጭቆውን እናዞራለን፣ ቀጥለን እናሸታለን፣ ከዚያ ምን እንደሸተተን እንጠየቃለን። እሳቸው ቆዳም፣ ዝናብ የመታው አፈርም ያገኙበታል። አንድ አፍንጫ ይህን ሁሉ እንዴት ይችለዋል እያልኩ እገረም ነበር።

አንድ እሁድ ተከፍቶ ከሰነበተ ጠርሙስ ቀዱልን። አሽተው ዓይናቸውን ጨፈኑና "የበሰለ እንጆሪ፣ ከኋላው ደግሞ ትንሽ ቫኒላ" አሉ። እኔ በይሉኝታ ዋጥኩት። ባለቤታቸው እትዬ ሐና ግን ቀምሰው፣ "ሰለሞን፣ ይሄ እኮ አቼቶ ሆኗል" አሉ።

ጋሽ ሰለሞን ደግመው አሸቱ። ብርጭቆውን ቀስ ብለው አስቀመጡና "ሐና፣ ምንም አይሸተኝም" አሉ።

በዚያ ሰሞን ይህ ምን ማለት እንደሆነ የማያውቅ አልነበረም። እኔ ወንበሬን ወደ ኋላ ሳብኩ፤ እትዬ ሐና ተጠግተው ግንባራቸውን ዳሰሱ።

ምርመራውም ኮሮና መሆኑን አረጋገጠ። እትዬ ሐና ምግብ በር ላይ እያስቀመጡ አስታመሟቸው። እኔ በስልክ እጠይቃቸው ነበር፤ ስለ ወይን ግን አንስተው አያውቁም።

አንድ ቀን ጠዋት ራሳቸው ደወሉ። "ሐና ወጥ እየሠራች ነው፤ ሸተተኝ" አሉ።

"ምን ምን ይላል?" አልኳቸው፣ ረጅሙን ማብራሪያ እየጠበቅኩ።

በረጅሙ ሲያሸቱ ተሰማኝ።

"ሽንኩርት ሽንኩርት ይላል" አሉኝ።