ስኳር የጾም ነው

በሽታ ጾም ያከብራል ብሎ የሚያምን ሰው በእናንተ ከተማ አለ? እኛ ደባርቅ ሞልቷል። አንዱ ደንበኛዬ አያ መንግሥቴ ነው። ሁዳዴ ሲገባ ከእኔ ሱቅ የሚወስደው ስኳር እጥፍ ይሆናል፤ ለአንድ ብርጭቆ ሻይ አራት ማንኪያ ይጨምራል።

ዘንድሮ በጾሙ እኩሌታ የእግሩ አውራ ጣት አብጦ ጫማ አልገባ አለው። ሐኪሟ ደሙን አስመርምራ፣ “ሪህ ነው። ከስኳር ብዛት በደምዎ ያለው ዩሪክ አሲድ ከፍ ብሏል፤ ሰውነትዎም ለኢንሱሊን አልታዘዝ ብሏል። ጣፋጩን ካልተዉ ለኩላሊትዎ እፈራለሁ” አለችው።

አያ መንግሥቴ ሱቄ መጥቶ ሳቀባት። “ሪህ የጮማ በሽታ ነው። እኔ ሥጋ ከቀመስኩ ወር አለፈኝ። ስኳር ደግሞ የጾም ነው። ይልቅ አንድ ኪሎ መዝንልኝ።”

ዩሪክ አሲድ ባሕረ ሐሳብ የት ተምሮ ሁዳዴን ይለያል?

“አልመዝንም” አልኩት።

“ነጋዴ ነህ ወይስ ሐኪም?”

“ነጋዴ ነኝ። ደንበኛዬን በቁሙ እፈልገዋለሁ።”

ተነሥቶ ወደ ማዶው ሱቅ አነከሰ። አስፋልቱን ሲሻገር ሦስት ጊዜ ቆመ፤ ከጎንደር የመጣ አይሱዙ ጥሩምባውን እየነፋ ጠበቀው። ስኳሩን ገዝቶ እንደ ዋንጫ ከፍ አድርጎ አሳየኝ። ከዚያ እዚያው ደጃፍ ላይ ቁጭ አለና፣ “በቅሎ አስመጡልኝ” አለ።

ቤቱ እኮ ከእኔ ሱቅ አራት በር አለፍ ብሎ ነው።