ሸህ ይማምን ዝም ያሰኘው ማሽን

የሐይቅ ከተማ ሰው ስልክ ሲደውል ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? ካርዱ ያልቃል፣ ሰላምታው አያልቅም። እኔ እዚሁ ከተማ ፊዚክስ አስተምራለሁ፤ ቶሎ ወደ ነገሩ ካልተገባ የሚያቁነጠንጠኝ ሰው ነኝ። በዚህ ጠባያችን ስናደድ ነው የኖርኩት። ሰሞኑን የሆነውን ስሙኝማ።

እኔና ጓደኛዬ ሰይድ የሬዲዮ ሱሰኞች ነን። ሰይድ ገበያው ውስጥ የኤሌክትሪክ ዕቃ ይሸጣል፤ ይሸጣል ስላችሁ፣ ግማሹን ለሙከራችን ይፈታታዋል። ሁለታችንም የአማተር ሬዲዮ ፈቃድ አለን። ጥቅም አናገኝበትም፣ ፍቅር ነው። ችግራችን ተራራው ነበር። የእጅ ሬዲዮ ተራራ አይሻገርም። መፍትሔው ሪፒተር ነው፤ ከፍ ያለ ቦታ ተቀምጦ ከወዲህ የሰማውን ወዲያ የሚደግም ማሽን። ስናቅድ፣ ስንስል፣ ስንሰርዝ ስንት ክረምት አለፈ መሰላችሁ! በመጨረሻ ከውጭ በመጡ አሮጌ ሬዲዮዎች ገጣጥመን ሠራነው። የት ይተከል? አምባሰል ላይ ከየአቅጣጫው የሚታይ አንድ ጉብታ አለ። ጉብታው ደግሞ የሸህ ይማም ማሳ ነው።

ሸህ ይማም እንግዳ የማይመልሱ ሽማግሌ ናቸው። ምሰሶው ለሙከራ እንዲቆም ፈቀዱልን። ግን ጎረቤቶቻቸው ብረቱ ዝናብ ያባርራል ማለት ጀመሩ። እሳቸውም ቁርጡን ነገሩን። ታናሽ እህታቸው እትዬ ዘይነባ አርዲቦ ሐይቅ አጠገብ፣ ስልክ በማይሠራበት ጎድጓዳ መንደር ይኖራሉ። የእህቴን ድምፅ ቤቴ ቁጭ ብዬ ካሰማችሁኝ ይቆይ፣ ካልሆነ ብረታችሁን ይዛችሁ ውረዱ አሉን። ይህ ጉብታ ካመለጠን ሌላ የለንም።

ፈቃዱ ያለን እኛ ስለሆንን ሰይድ ሬዲዮ ይዞ አርዲቦ ወረደ፤ እኔ ሸህ ይማም ቤት ቀረሁ። ቁልፉን ተጭነው እንዲናገሩ፣ ሲጨርሱ እንዲለቁ አሳየኋቸው። ተጫኑ።

"አሰላሙ አለይኩም ዘይነቤ! እንዴት ነሽ? ደህና ነሽ ወይ? ልጆቹስ? ያቺ ትንሿ ጥርስ አወጣች? ጉልበትሽን ተሻለሽ? ላሟስ . . ."

ጭጭ። ማሽኑ ቆረጣቸው።

ሪፒተሩ ሰው ከደቂቃ በላይ ቁልፉን ከተጫነ በራሱ ይዘጋል። ቁልፍ ተጣብቆ ቢቀር ማሽኑ ግሎ እንዳይቃጠል ብለን ያደረግነው ነው። ደቂቃ ምን አነሰው?

ሸህ ይማም ሬዲዮውን አዩት። ከዚያ እኔን አዩኝ። "ዝም በል አለኝ? በገዛ መሬቴ ላይ?"

ሰላምታውን ትንሽ ቢያሳጥሩት ብዬ ለመንኳቸው። "የቱን ልተው መምህር? ልጆቹን ልተው? ላሟን ብዘልላት ደግሞ ምን ሰምቶ ነው እያለች ስትብሰለሰል ልትከርም ነው?" አሉኝ። እስከ ጁምዓ ካልተስተካከለ ይነቀላል ተባለ።

ሰይድ ሱቅ ውስጥ ተጨቃጨቅን። እኔ ሸሁን እናሰልጥናቸው እላለሁ፤ ሰይድ ማሽኑን እናሰልጥነው ይላል። "ይሄ ማሽን የለመደው የችኩሎችን አገር ነው። ወሎ ከገባ ወዲያማ ወሎዬ ይሁን እንጂ!" አለኝ። ተሸነፍኩ። ጉብታው ላይ ወጥተን የማሽኑን ኃይል ቀነስን፣ ከአሮጌ ኮምፒውተር ማራገቢያ ነቅለን ገጠምንለት፣ የመዝጊያውን ጊዜ አስረዘምነው። ከዚያ ሰይድ ቁልፉን ተጭኖ ዘመዶቹን በየስማቸው እየጠራ ሰላም ይል ጀመር። ደሴ ያሉትን ጨረሰ፣ ኮምቦልቻ ያሉትን ጨረሰ። ማሽኑን ነካሁት፤ ለብ ከማለት በቀር ምንም አልሆነም።

ጁምዓ ደረሰ። ሰይድ ማልዶ እትዬ ዘይነባ ዘንድ ወርዷል። ከሶላት በኋላ ሸህ ይማም ሬዲዮውን አነሱ። ጎረቤቶቹም ተሰብስበዋል፤ ዝናብ አባራሪውን ሊሸኙ መሆኑ ነው። ሸሁ ከአሰላሙ አለይኩም ጀመሩ። ልጆቹን አለፉ። ጉልበቱን አለፉ። ላሟ ላይ ሲደርሱ እኔን ላብ አጠመቀኝ። ላሟንም አለፉ! ባቄላው፣ ቀፎው፣ የጎረቤቶቿ ጤና፣ ከዚያ ምርቃት። ምርቃቱስ አጭር መሰላችሁ? በመጨረሻ "አሚን በይ!" ብለው ቁልፉን ለቀቁ።

ሬዲዮው ተንኮሻኮሸ።

"አሚን! አሚን ወንድም ጋሼ! ወላሂ አጠገቤ ያለህ ነው የመሰለኝ!" እትዬ ዘይነባ ይስቁ ያለቅሱ አይታወቅም።

ቤቱ በእልልታ ቀለጠ። እኔ መምህርነቴን ረስቼ ዘለልኩ። ኮራሁ፤ እንዴት አልኮራም? ዝናብ ያባርራል ሲል የከረመው ጎረቤት ራሱ ማሻአላህ ብሎ ወረፋ ያዘ፤ አርዲቦ አክስት አለችው አሉ።

እትዬ ዘይነባ በተራቸው የወንድማቸውን ቤት ከሰው እስከ ዶሮ ጠይቀው ሲጨርሱ፣ እኔ አመሌ አይለቀኝ፣ በሉ እንግዲህ አሁን ጉዳይዎን ይንገሯቸው አልኳቸው ለሸሁ።

ገርሟቸው አዩኝ። "ምን ጉዳይ? ጨረስኩ እኮ!"

ከዚያ ብረቱ ይቆይ ብለው ፈረዱልን። አመስግኜ ልወጣ ስል ከበሩ መለሱኝ። "ና እስቲ መምህር፣ ባቲ ላለው ወንድሜስ መቼ ነው የምትተክሉት?" መሬት ልለምን ወጥቼ፣ ትእዛዝ ተቀብዬ ወረድኩ።