ውሃ ያበሰልን ሰሞን

ምክር ሲሰማ መጀመሪያ የሚስቅ ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔን ማየት ይበቃችኋል።

አብዮቱ በፈነዳ ማግስት፣ ረሃቡ ገና ከቤታችን ሳይወጣ፣ አንዲት የዘመቻ ተማሪ መካነ ሰላም መጥታ «ውሃ አፍልታችሁ ጠጡ» አለችን።

«የምናበስለው እህል አጥተን ውሃ እናብስል?» ብዬ ሰፈሩን አሳቅሁት። ጎረቤቴ እትዬ ዘይነባ ብቻ ሳይስቁ እሳት አነደዱ።

ብዙም ሳይቆይ ሰፈሩን ተቅማጥ ገባው። የእትዬ ዘይነባ ልጆች ግን ይሯሯጣሉ። ታዲያ እኔስ ከማን አንሳለሁ? አፈላሁ። ትኩስ ውሃ ጥም አይቆርጥም ብዬም፣ መቼም ብልህ ነኝና፣ ከምንጭ የተቀዳ ጥሬ ውሃ ጨምሬ አቀዘቀዝሁት። ሦስት ቀን ከቁጥቋጦ ሥር አልተነሳሁም።

እትዬ ዘይነባ ሊጠይቁኝ መጥተው ይህንን ሲሰሙ ራሳቸውን ነቀነቁ።

«አይ ልጄ፣ ሙሽራዋን አጥበህ ጭቃ ላይ አስቀመጥካት? በል ከድነህ ተዋት፣ ራሷ ትቀዘቅዛለች» አሉኝ።

ከድኜ ተውኋት። ዳንሁ። ሰፈሩም በእኔ እየሳቀ ማፍላት ጀመረ። አልሐምዱሊላህ፣ ከዚያ ወዲያ በሆድ ሕመም የቀበርነው ሰው የለም።

እህሉም ቆይቶ ተመልሶ መጣ። ውሃውን ግን ዛሬም እናበስለዋለን።